የበጋ ጎማ በክረምት፦ ከባሕር ዳር እስከ ዓባይ በረሃ የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ግንቦት 12፣ ባሕር ዳር

መኪናዬ ጎማ የምትቀይርበት ጊዜ ስለ ደረሰ፣ ከመግዛቴ በፊት ለክቼ፣ ከገዛሁም በኋላ እየለካሁ ሂደቱን ለመጻፍ ወሰንሁ። መኪናዋ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ስትሆን የጎማዋ ልክ 225/45 አር 17 ነው። ሥራዬ በየጊዜው ደብረ ማርቆስ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ደጀን ስለሚያመላልሰኝ፣ የምመርጠው ጎማ የባሕር ዳርን ሙቀት፣ የእንጅባራን ጭጋግና የዓባይ በረሃን ቁልቁለት በአንድ ጉዞ መቻል አለበት።

አሁን ያሉት ጎማዎች መኪናዋን ስገዛ አብረው የመጡ፣ ለአራቱም ወቅት ተብለው የሚሸጡ ዓይነት ናቸው። ጥርሳቸው ገና 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ለዓይን ደኅና ይመስላሉ፤ የጎማን ማለቅ የምታሳየው በጥርሱ መካከል ያለችው ጉብታ የምትገለጠው 1.6 ሚሊ ሜትር ሲቀር ነውና፣ ገና ብዙ መንገድ ይሄዳሉ የሚል ሰው አይጠፋም። ባለፈው ነሐሴ ግን ቡሬ መግቢያ ላይ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ አንዲት ላም ከመንገዱ ዳር ብቅ ብላ አስፋልቱን ስታቋርጥ ፍሬን ያዝሁ። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ ከእግሬ ሥር እየተንቀጠቀጠ መኪናዋ ከገመትሁት በላይ ሄደች፤ የተረፍነው ላሟ ፈጠን ብላ ስላለፈች ብቻ ነው። በደረቅ አስፋልት ያመንኋቸው ጎማዎች በእርጥብ አስፋልት ሌላ ጎማ ሆነው መገኘታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ለፈጣን መኪኖች የሚሠሩት ጎማዎች በአውሮፓ «ሰመር» በሚለው ወቅት ስም ይጠራሉ። ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት፣ ኮንቲኔንታል ስፖርት ኮንታክት፣ ብሪጅስቶን ፖቴንዛ፣ ጉድዪር ኢግል ኤፍ ዋን፣ ፒሬሊ ፒ ዜሮ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ቃሉ ወደ እኛ ሲመጣ «የበጋ ጎማ» ተብሎ ተተረጎመ፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ሰመር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ነው፤ እኛ ዘንድ እነዚህ ወራት ክረምት ናቸው። ስያሜው የተሰጠው ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ባለ ሙቀት እንዲሠራ ተደርጎ ስለ ተቀመመ እንጂ ዝናብን ስለሚፈራ አይደለም። ሦስት ሱቅ ጠይቄ ሦስቱም ነጋዴዎች «እሱ ለበጋ ነው፤ ለዝናብ ሌላ ውሰድ» አሉኝ። ይህ እውነት መሆን አለመሆኑን በሜትር ለክቼ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ግንቦት 15

የማወዳድራቸው ጎማዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። የየፋብሪካቸውን ስም እዚህ አልጽፍም፤ አንድ ሰው ከእያንዳንዱ አራት ጎማ ብቻ ለክቶ ስለ አንድ ፋብሪካ ሊፈርድ አይገባውምና። አሮጌዎቹን የአራት ወቅት ጎማዎች «ሀ» እላቸዋለሁ። «ለ» የምገዛው የስፖርት ዓይነት ነው። «ሐ» ደግሞ ለምቾትና ለረጅም ዕድሜ የተሠራ ተራ የሰመር ጎማ ሲሆን፣ ደብረ ማርቆስ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለቮልስዋገን ጄታ መኪናው የገዛው ነው፤ የጄታውና የጎልፌ ቸርኬ የብሎን ልክ አንድ ስለሆነ እንዳለ አውጥተን መግጠም እንችላለን። «ሀ»ን የምፈትነው ከአንድ ወዳጄ በተዋስሁት ቸርኬ ላይ ይሆናል።

የጎማ ጎን የሚናገረውን ማንበብ ከቻሉ ብዙ ነገር ይነግራል። በ«ለ» ላይ 94 ዋይ ተጽፏል፤ 94 ማለት አንዱ ጎማ 670 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ ዋይ ማለት ደግሞ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ድረስ ይችላል ማለት ነው። በ«ሐ» ላይ ያለው 91 ደብልዩ ሲሆን ትርጉሙ 615 ኪሎ ግራምና 270 ኪሎ ሜትር ነው። በጎጃም መንገድ ይህን ፍጥነት የሚፈልግ ሰው የለም፤ ለእኔ የሚጠቅመኝ ጎማው ሙቀትን ለመቻል ምን ያህል ተጠንቅቆ እንደ ተሠራ መጠቆሙ ነው። አሜሪካ ለሚሸጡ ጎማዎች የሚሰጠው ደረጃ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ሆኖ አገኘሁት። «ለ» ለመበላት 320፣ ለመያዝ ድርብ ኤ፣ ለሙቀት ኤ ተሰጥቶታል፤ የ«ሐ» ደግሞ 500፣ ኤ እና ኤ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ሲያንስ ጎማው ቶሎ ያልቃል ማለት ነው። የመያዝ ደረጃውን የሚያመለክተው ፊደል የሚሰጠው ጎማው በረጠበ አስፋልትና በረጠበ ኮንክሪት ላይ ተፈትኖ መሆኑን ሳውቅ ግን ተገረምሁ። ነጋዴው ለዝናብ አይሆንም ያለኝ ጎማ ከፍተኛውን ደረጃ ያገኘው በውሃ ላይ ነው።

ግንቦት 21

የ«ለ» አራት ጎማዎች ደረሱ። ወደ ጎሚስታው ወስጄ ከመኪናው ሳወርዳቸው፣ በዚህ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆዩት ጎሚስታ አንድ በአንድ እያገላበጡ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጥርሱን ይጫኑ ጀመር። ሁለቱን ወደ ግራ፣ ሁለቱን ወደ ቀኝ ለይተው ካስቀመጡ በኋላ፣

«ልጄ፣ እነኝህ አራቱ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሁሉም አዲስ ናቸው፤ ላስቲካቸው ላይ ያለው ፀጉር እንኳ አልረገፈም» ብዬ መለስሁላቸው።

«ፀጉሩን ተወው። ጥፍርህን አግባበት፤ ከዚያ ቀኑን እይ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። በቀኝ ያሉት ጥፍሬን ተቀብለው ምልክቱ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ የግራዎቹ ግን ጥፍሬን መለሱት። በጎማው ጎን፣ «ዲኦቲ» ብሎ በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ፣ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የፈረንጁን ዓመት ያመለክታሉ። 2319 ቢል ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። ከአራቱ ሁለቱ ከተሠሩ ዓመት አልሞላቸውም፤ ሁለቱ ግን ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ቁጥሩ የታተመው በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሆነ ሻጩ ያንን ጎን ወደ ውስጥ አዙሮ ደርድሯቸው ነበር።

ከመመለሴ በፊት የላስቲክ ጥንካሬ መለኪያዬን አውጥቼ ሁሉንም ለካሁ። ልኬቱ ሾር ኤ የሚባለው ሲሆን ቁጥሩ ሲጨምር ላስቲኩ ደረቀ ማለት ነው። አዲሶቹ 66 እና 67፣ አሮጌዎቹ 74 እና 74 አሳዩ። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ስም፣ አንድ ልክ፣ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ያልሄዱ ጎማዎች ናቸው። መንገድ ሳይነካቸው ያደረቃቸው ዓመታት በመጋዘን መቀመጣቸው ነው፤ ላስቲክ ኦክስጅንና ኦዞን ይበላዋል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል፣ ያለሰለሰው ዘይትም ከውስጡ ይወጣል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስድስት በጋ የከረመ ጎማ አዲስ ሊባል አይችልም። ሻጩ መጀመሪያ «ጎማ ጊዜ አያበላሸውም» ብሎ ሊከራከረኝ ቢሞክርም፣ በመጨረሻ ሁለቱን ለመቀየር ተስማማ።

ሰኔ 9

ተቀያሪዎቹ ጎማዎች መጡ፤ ቀናቸው ከቀሪዎቹ ጋር በሰባት ሳምንት ብቻ ይለያያል። ዛሬ ገጠምናቸው። የ«ለ» የጥርስ ቅርጽ የውጭና የውስጥ ጎኑ የተለያየ ስለሆነ «የውጭ» የሚለው ጽሑፍ በአራቱም ጎማ ላይ ወደ ውጭ መውጣቱን አረጋገጥሁ። ባላንስ ተደረገ፣ ብሎኖቹም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው የቶርክ ቁልፍ 120 ኒውተን ሜትር ተጠበቁ። ጎሚስታው ብሎንን በእግር ረግጦ ማጥበቅን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ የተጣመመ የፍሬን ዲስክ ሁሉ መነሻው ያ ነው ይላሉ። ነፋሱን በብርዱ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 33 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሞላሁ።

ሰኔ 22፣ የደረቅ ሙከራ

አንድ የማውቀው ሰው የመጋዘን ግቢውን ፈቀደልኝ፤ ውስጡ 200 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ አስፋልት አለው። በሩን ዘግተን፣ ዘበኛውን ዳር አቁመን ሠራን። የፍሬን ርቀትን መሬት ላይ ምልክት አድርጎ መለካት እግሬ ፍሬኑን በነካበት ቅጽበት ስለሚዛባ፣ በሴኮንድ 10 ጊዜ ፍጥነትና ቦታ የሚመዘግብ የጂፒኤስ መሣሪያ ተጠቀምሁ። በ55 ኪሎ ሜትር ፍሬን እይዛለሁ፤ መሣሪያው ግን የሚቆጥረው ከ50 ጀምሮ መኪናዋ እስክትቆም ነው። በየጎማው ስድስት ጊዜ ይዤ የመጀመሪያውን ጥዬ አምስቱን አማከልሁ፤ በየመካከሉም ፍሬኑ እንዲበርድ ግቢውን ሁለት ጊዜ በዝግታ ዞርሁ።

«ሀ» 12.1 ሜትር፣ «ሐ» 10.6 ሜትር፣ «ለ» 9.8 ሜትር ወሰዱ። የ«ሀ» ላስቲክ 79 ሾር ሆኖ ስለ ነበር ከዚህ የባሰ ጠብቄ ነበር። ከክፉውና ከደኅናው መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሜትር ከምናምን ነው፤ በበጋ ብቻ የሚነዳ ሰው ይህን ያህል ገንዘብ አላወጣም ቢል አልፈርድበትም።

ሐምሌ 8፣ የእርጥብ ሙከራ

ሰማዩ ከንጋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበር፤ ዝናብ እየጠበቅሁ መለካት ግን አልፈለግሁም፣ አንዴ በርትቶ አንዴ ስለሚያባራ ለሁሉም ጎማ እኩል አይሆንም። ስለዚህ የውሃ ቦቴ ተከራይተን አስፋልቱን በየሁለት ዙሩ እኩል አራስነው። አየሩ 19 ዲግሪ ነበር። መሬቱ በሥራው መካከል እንዳይለወጥብኝ ደግሞ ተራውን በ«ለ» ጀምሬ፣ «ሀ»ን እና «ሐ»ን አስከትዬ፣ በመጨረሻ «ለ»ን እንደገና ገጠምሁ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የ«ለ» ልኬት በ20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለ ተለያዩ ቀኑን ሙሉ የሠራነው በአንድ ዓይነት መሬት ላይ ነው ማለት እችላለሁ።

«ለ» በ11.6 ሜትር ቆመ። «ሐ» 13.1 ሜትር ወሰደ። «ሀ» 17.6 ሜትር ሄደ።

የመጨረሻውን ቁጥር ሳየው መሣሪያው የተሳሳተ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ደገምሁት፤ ያው ነው። በደረቁ በ2.3 ሜትር የተለያዩት ሁለት ጎማዎች በእርጥቡ በ6 ሜትር ተለያዩ። ይህ ስድስት ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሒሳቡን ሠራሁት፤ የፍሬን ርቀት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ «ለ» የገጠመችው መኪና ሙሉ በሙሉ በቆመችበት መስመር ላይ «ሀ» የገጠመችው መኪና ገና በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ያቺን የቡሬዋን ላም አስታወስሁ። በላሟ ፋንታ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ሊሆን ይችል ነበር።

ዘበኛው የጠቆሙኝ ነገር ከቁጥሩ ይበልጥ ገላጭ ነው። መኪናዋ ከቆመች በኋላ ወደ ኋላ ሄደን አስፋልቱን ጎንበስ ብለን ስናይ፣ «ለ» ያለፈበት መስመር ለጥቂት ሴኮንድ ደብዘዝ ብሎ ደርቆ ይታያል፤ በግራና በቀኙ ውሃው ተገፍቶ እንደ ቀጭን ቦይ ጠርዝ ቆሟል። «ሀ» ባለፈበት ግን ውሃው ወዲያው ተመልሶ ስለሚገናኝ መስመሩን ማየት አይቻልም። ጎማው ውሃውን ከሥሩ ሳያስወጣ በላዩ ላይ አልፏል ማለት ነው። በጥርሱ ርዝመት የሚሄዱት አራት ቦዮች ውሃውን ያስወግዳሉ፤ የቀረውን ስስ የውሃ ሽፋን ሰብሮ ከአስፋልቱ ሻካራ ጠጠር ጋር የሚገናኘው ግን ላስቲኩ ራሱ ነው፤ ለዚህም ላስቲኩ ለስላሳ መሆን አለበት። ሚሼሊን እ.ኤ.አ. በ1992 ከጥቁሩ ካርቦን ከፊሉን በሲሊካ ተክቶ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የጎማ ላስቲክ ነዳጅ ሳያባክን በውሃ ላይ አጥብቆ መያዝ ቻለ፤ የዛሬዎቹ የስፖርት ጎማዎች ሁሉ የዚያ ቅመም ወራሾች ናቸው።

ስለዚህ ለነጋዴዎቹ የምመልሰው መልስ ተገኘ። «የበጋ» የተባለው ጎማ ዋጋውን ያወጣው በሐምሌ ውሃ ላይ ነው፤ በደረቅ ያለው ብልጫ ትንሽ ነበር።

ሐምሌ 19፣ ከባሕር ዳር እስከ እንጅባራ

ዛሬ የመጀመሪያው የ«ለ» ረጅም የዝናብ ጉዞ ነበር። ከመራዊ እስከ ዱርቤቴ ደረቅ፣ ከዳንግላ በኋላ ግን የመስታወት መጥረጊያው የማይችለው ዝናብ ወረደ። በአዊ በኩል አስፋልቱ ላይ የሚገኘው ነገር ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጋሪና ባጃጅ ከጥርጊያ መንገድ ይዘውት የሚወጡት ቀይ አፈር በውሃ ተቦክቶ በመንገዱ ጠርዝ ላይ እንደ ቅባት ይነጠፋል። በዚህ ላይ የትኛውም ጎማ አይረዳም። «ለ» ቦዮቹ ሰፋፊ ቢሆኑም ለጭቃ አልተሠራም፤ አዲስ ቅዳም አካባቢ አህያ ለማሳለፍ ወደ ጠርዝ ስወጣ የኋላው ቀስ ብሎ ሲንሸራተት ተሰማኝ። ጭቃ ባየሁበት ሁሉ እንደ ማንም ሰው ቀስ ማለት አለብኝ።

ውሃ ያቆረባቸው ቦታዎች ላይ ደግሞ በጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ ከጎማው ዓይነት እኩል ይፈርዳል። ናሳ ለአውሮፕላን ጎማዎች ያደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ጎማ በቆመ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ከመሬት የሚለቅበት ፍጥነት ከነፋሱ ግፊት ጋር ይያያዛል። በዚያ ቀመር መሠረት ውሃ ማስወጣት ያቃተው ጎማ በ33 ፒኤስአይ በ95 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲንሳፈፍ፣ ነፋሱ ወደ 24 ቢወርድ ግን በ81 ይንሳፈፋል። «ነፋሱ ቀነስ ሲል ይይዛል» ብለው ለክረምት የሚያጎድሉ ሾፌሮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይህ ልማድ ለጭቃ ሊሠራ ይችላል፣ ለአስፋልት ግን በቀጥታ ተቃራኒው ነው።

ነሐሴ 14፣ ፍኖተ ሰላም

ክፉ ቀን። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስወርድ ውሃ የሞላውን ጉድጓድ ኩሬ መስሎኝ ገባሁበት፤ የቀኝ የፊት ጎማ ድምፅ እንደ መዶሻ ነበር። ነፋሱ አልወጣም፣ መሪውም አልሳበም፤ ማደሪያዬ ደርሼ በእጄ ስዳብስ ግን የጎማው ጎን ላይ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት አገኘሁ። እብጠቱ ማለት በጎኑ ውስጥ ያለው ክር ተበጥሶ ነፋሱን የያዘው ስስ ላስቲክ ብቻ ነው ማለት ነው፤ አይለጠፍም፣ አይጠገንም። ስኮርታውን ገጥሜ በዝግታ ተመለስሁ።

ይህ የጎማው ፋብሪካ ጥፋት አይደለም፤ የልኩ ጉዳይ ነው። 225/45 ሲባል የጎኑ ቁመት የወርዱ 45 በመቶ፣ ማለትም 101 ሚሊ ሜትር ነው። ያችን ታህል ላስቲክ በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል ስትጨፈለቅ ክሩ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። የስፖርት ጎማ በኩርባ ላይ መሪውን ቶሎ የሚታዘዘው ጎኑ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ በጉድጓድ የሚጎዳውም በዚያው ምክንያት ነው። የወንድሜ «ሐ» ልኩ ያው ስለሆነ ከዚህ አያመልጥም።

ጥቅምት 17፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ በረሃ

ለረጅም ጊዜ ለማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር። ደጋ ላይ የሞላነው ነፋስ በረሃ ስንወርድ ምን ይሆናል? ሾፌሮች ሁሉ «በረሃ ላይ ጎማ ይነፋል፣ ስለዚህ ደጀን ላይ ቀንስ» ይላሉ።

ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ አየሩ 12 ዲግሪ ሆኖ አራቱንም 33 ፒኤስአይ አስተካከልሁ። ከደጀን ቁልቁል ስወርድ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝልኝ አደረግሁ እንጂ ፍሬኑን አላስጨነቅሁም፤ እንደዚያም ሆኖ በብርሃን የሚለካው ቴርሞ ሜትር የፊት ጎማዎችን 58፣ የኋላዎቹን 44 ዲግሪ አሳየኝ። መንገዱ መሬቱ በሚንሸራተትበት ቦታ ሁሉ ተሰነጣጥቆና ተጎርብጦ ስለሆነ ኩርባ ላይ ለጎማ መፈተኛነት አይመችም፤ አስፋልቱ ደኅና በሆነበት ግን «ለ» እንደ ታዘዘ ሄደ።

ከድልድዩ ከፍ ብሎ፣ ከመንገድ ወጥቼ ጥላ ሥር አቆምሁና ጎማዎቹ የአካባቢውን 33 ዲግሪ እስኪይዙ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ግፊቱ 34 ፒኤስአይ ሆኖ ተገኘ። ከ12 ዲግሪ ወደ 33 ዲግሪ የጨመረው ሙቀት ብቻውን ቢሆን ኖሮ 36 ማለፍ ነበረበት። የቀረውን የወሰደው ከፍታው ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ የዓባይ ሸለቆ ግርጌ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የውጭው አየር ስለሚከብድ በየ1,000 ሜትሩ መለኪያው 0.1 ባር ያህል፣ ማለትም አንድ ተኩል ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ሙቀቱ የሚጨምረውን አብዛኛውን ቁልቁለቱ ይመልሰዋል። ስለዚህ ደጀን ላይ ነፋስ ማጉደል ትርፍ የለውም። ያጎደለ ሰው ማዶ ጎሐ ጽዮን ሲወጣና ማታ ሲቀዘቅዝ በጎደለ ጎማ ነው የሚጓዘው፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ ጎኑ እየተጣጠፈ ይበልጥ ይግላል።

ጥር 9፣ እንጅባራ

የማስታወሻው ሌላኛው ጫፍ ይህ ነው። ጥር በእንጅባራ በጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ፀሐዩም ከረፋድ በኋላ የሚያቃጥል ነው። በስሙ ከሄድን የ«የበጋ ጎማ» ወቅት ይህ መሆን ነበረበት። ሌሊቱን መኪናዋን ደጅ አሳድሬ ጠዋት 12 ሰዓት ስወጣ መስታወቱ አመዳይ ይዞ፣ አየሩ 4 ዲግሪ ነበር። ወንድሜም በጄታው መጥቶ ስለ ነበር ሁለቱንም ለካሁ። በባሕር ዳር ቀን 66 የነበረው «ለ» 73 ደርሷል፤ «ሐ» ከ69 ወደ 72 ብቻ ከፍ ብሏል። ለስላሳው ጎማ በብርድ ከጠንካራው በልጦ ደርቋል።

በአንድ የከባድ መኪና ማቆሚያ ኮንክሪት ላይ፣ ባለቤቱ ፈቅደውልን፣ ከ40 ኪሎ ሜትር ፍሬን ያዝሁ። ቦታው አጭር ስለሆነ ከ50 መጀመር አልቻልሁም፤ ስለዚህ ይህ ልኬት ከሰኔው ጋር አይነጻጸርም። «ለ» በንጋት 7.6 ሜትር፣ በዚያው ቀን 5 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ 6.6 ሜትር ወሰደ። አንድ ሜትር በደረቅ መሬት ላይ፣ ለዚያውም በ40 ኪሎ ሜትር፣ ቀላል አይደለም። ወደ ቲሊሊ ስንሄድ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች መሪው ደንዘዝ ብሎ ቆይቶ፣ ጎማው ሲሞቅ የማውቀው ስሜት ተመለሰ። በደጋው ጎጃም ለዚህ ጎማ የሚከብደው ጊዜ የታኅሣሥና የጥር ማለዳ ነው፤ የሚመቸው ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራለት ሐምሌና ነሐሴ።

ጥር 20፣ ባሕር ዳር

«ለ» ከተገጠመ 8,400 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ያልተቀየረው የግራ የፊት ጎማ ከ7.5 ወደ 5.9 ሚሊ ሜትር፣ የኋላዎቹ ወደ 6.8 ወርደዋል። ሞተሩ የሚገፋው በፊት እግር ስለሆነ ፊቱ መበላቱ ያለ ነው። በእርጥብ አስፋልት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ልነዳበት ስለማልፈልግ፣ በዚህ አካሄድ የፊቱ 23,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገለግለኛል፤ ፊትና ኋላውን ካለዋወጥሁ ጥቂት ይጨምራል። ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ውድ ጎማ ነው፤ ግን የሚያልቀውን በክረምት ብቻ ከጨረስሁት አይቆጨኝም።

ስለዚህ ለበጋው ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ፈልጌ 205/55 አር 16 የሆነ ለምቾት የተሠራ ጎማ ገጠምሁ። የዚህ ጎማ ጎን 113 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለጉድጓድ አንድ ሴንቲ ሜትር ከምናምን ተጨማሪ ላስቲክ አለው፤ ጠቅላላ ቁመቱ ከባለ 17ቱ የሚለየው በ2.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ፍጥነት መለኪያው አይዛባም። ባለ 16 ቸርኬ ሁሉ አይገባም፤ የመጀመሪያው ያመጣሁት ከፍሬኑ ጋር ይፋተግ ነበር፣ የገጠምሁት ግን በእጅ ሲዞር ነጻ ነው። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን በ120 ኒውተን ሜትር ደግሜ አጠበቅሁ።

የወለቁትን የ«ለ» ጎማዎች አጥቤ፣ ጠጠሩን ከቦዮቹ በጠመንጃ መፍቻ ለቅሜ፣ በኖራ «ፊት ግራ»፣ «ኋላ ቀኝ» እያልሁ ጻፍሁባቸው። ፀሐይ በማይገባበት ክፍል፣ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚያወጣው ኦዞን ላስቲክ ስለሚበላ ከውሃ መሳቢያው አርቄ፣ በጨርቅ ሸፍኜ አስቀመጥኋቸው። በሸፈንሁበት ጨርቅ ላይ «የክረምት ጎማ፤ ግንቦት መጨረሻ ይገጠም» የሚል ወረቀት ሰፍቻለሁ።